የመሆን ስሞች፣ ከቦንጋ ወደ ቤይሩት

ቤይሩት፣ ጥቅምት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ወልደ ጊዮርጊስ
ቦንጋ

ጋሼ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ባለቤትዎ እትዬ ዙፋንስ ደህና ናቸው? እናቴስ? የእናንተን ደጅ የጠበቀ አምላክ እኔንም ባሕር ማዶ ጠብቆኛልና ስሙ ይክበር።

ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ማንኪራ ድረስ ሄደው ለእናቴ እንደሚያነቡላት አውቃለሁ። ጎረቤቱም እንደሚሰበሰብ አውቃለሁ። ስለዚህ ተሰብስባችሁ ለምትሰሙኝ ሁሉ እንደየማዕረጋችሁ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እናቴ፣ አትስጊ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ብርድም የለም።

የገባሁት አንዲት አሮጊት ቤት ነው። ማዳም ሰልዋ ትባላለች። ባሏ በሕይወት ሳለ በምዕራብ አፍሪካ ይነግድ ስለነበር ዕድሜዋን የፈጀችው እዚያ ነው፤ እንግሊዝኛ ትናገራለች። እኔ ዐረብኛው ገና ስላልገባኝ የምንግባባው እርስዎ ባስተማሩኝ እንግሊዝኛ ነው። ግራ ጎኗ አይታዘዝላትም። አነሣታለሁ፣ አጥባታለሁ፣ አገላብጣታለሁ። ልጇ ናቢል ከሚስቱ ጋር ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል።

አሁን የቸገረኝን ልንገርዎ። በየሳምንቱ ሐኪም ይመጣል። እንዴት ሰነበተች ሲለኝ፣ ወደቀች፣ አለቀሰች፣ አልበላችም እላለሁ። ባለፈው ጊዜ ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና፣ «ያደረገችውን አይደለም የጠየቅሁሽ፤ ያለችበትን ነው» አለኝ። ያለችበትን የምልበት ቃል ግን የለኝም። ራሷን ሲያዞራት፣ እጇ ሲደነዝዝ፣ ምንም ሳይነኳት ሆድ ሲብሳት፣ ይህ ሁሉ ስሙ ምንድን ነው? እባክዎ ጽፈው ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ፍሬ


ቦንጋ፣ ኅዳር 21 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬ

መንገድሽን ያቀና ጌታ ውሎ መግቢያሽንም ያሳምርልሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ደብዳቤሽን ማንኪራ ወስጄ አንብቤዋለሁ። እኔ አማርኛውን ወደ ካፊኛ እየመለስሁ፣ ሰዎቹ ደግሞ እንደገና በል እያሉ፣ ማምሻችንን ሆነ። ቡና ለቀማ ላይ ስለሆኑ እጃቸው ጠቁሮ ነበር። እናትሽ የአሮጊቷን ስም ደጋግማ ጠየቀችኝ። እንዳይጠፋት ነው መሰለኝ።

ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። እውነቱን ልንገርሽና ማንም ጥያቄ ከጠየቀኝ ሰንብቷል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በየክፍሉ ፕላዝማ ገብቷል። ትምህርቱን የሚሰጠው ቴሌቪዥኑ ነው። እኔ ጎኑ ቆሜ፣ ሲጨርስ የቀረችውን ጥቂት ደቂቃ እንዳብራራ ታዝዣለሁ። ሰውየው በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ልጆቹ አፉን ያያሉ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል፤ ያን ጊዜ መምህር እሆናለሁ።

ወደ ጉዳይሽ ልመለስ። በእኛ ቋንቋ ሕመሙ መጥቶ ሰውየውን ይይዘዋል። ራሴን አዞረኝ፣ ራበኝ፣ ከፋኝ እንላለን። አድራጊው ሌላ ነው፤ እኛ ተደራጊ ነን። እንግሊዞች ግን ሁኔታውን ከሰውየው ላይ ገፈው፣ ስም ሰጥተው፣ ብቻውን ያቆሙታል። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ «ነስ» ይጨምራሉ። ራስን ማዞር ዲዚነስ ነው። መደንዘዝ ነምነስ ነው። ድካም ዊክነስ፣ ሐዘን ሳድነስ ይባላል። የሰውነት እብጠት ስዌሊንግ ነው፤ እሱ «ነስ» የለውም። ሐኪሙ ሲጠይቅሽ፣ ዛሬ ዲዚነስ አለ፣ ነምነስ ግን ቀንሷል በዪው።

እናትሽ ደህና ናት። የቤቷ ክዳን ማፍሰስ ስለጀመረ ጥቂት ቆርቆሮ ያስፈልጋል፤ ሲመችሽ ታስቢበታለሽ። ካልተመቸሽም ግድ የለም፣ በሣር እንደፍነዋለን።

አጎትሽ ወልደ ጊዮርጊስ


ቤይሩት፣ ጥር 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ

የጥምቀቱ በረከት በያላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ። የላኩልኝ ቃላት ሠርተዋል። ሐኪሙ «ማን አስተማረሽ?» አለኝ። አጎቴ አልሁት። ለቆርቆሮው የሚሆን ለአንዲት ወደ አገር ለምትገባ ልጅ በሰው እጅ ልኬያለሁ፤ አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሜሪ ተቀብላ ትልክላችኋለች። እናቴ፣ የቤቱን ጓዳ አስቀድማችሁ ክደኑት፤ የምትተኚው እዚያ ነው።

ለብቻው አጥፌ የከተትሁትን ወረቀት ግን ለእርስዎ ብቻ ነው የጻፍሁት። በሰው ፊት አያንብቡት።

ጋሼ፣ ናቢል ሲወጣ በሩን ከውጭ ይቆልፈዋል። ፓስፖርቴም እሱ ዘንድ ነው። እዚህ ሁሉም ቤት እንዲህ ነው ይላሉ። ደብዳቤ የምልከው ከበረንዳው ላይ ዘንቢል በገመድ እያወረድሁ ነው። ሱዳናዊው ዘበኛ ተቀብሎ ይልክልኛል፤ የእርስዎንም በዚያው ያወጣልኛል። ዳቦ የምንገዛው፣ ቆሻሻ የምናወርደው በዚያው ነው። እኔ ብቻ ነኝ የማልወርደው።

አይመቱኝም። ምግብ አልከለከሉኝም። እንዲያው ግን መቀመጥ አቃተኝ። ከሳሎን ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ በረንዳ እሄዳለሁ። ባሕሩን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ያጸዳሁትን መስታወት እንደገና አጸዳለሁ። ማዳም «አንቺ ልጅ፣ ወለሉን ጨረስሽው» ትለኛለች። ትናንት እንዲሁ ስዞር አይታ፣ «አንቺም እኔም ኮንፋይንመንት ላይ ነን» አለችኝ። ቃሉን አላውቀውም። መጠየቅም ፈራሁ። ምን ማለት ነው? የእኔስ ሁኔታ ስሙ እሱ ነው?

ደግሞ እናቴ ሁልጊዜ የምትሰጠኝን ምክር በደብዳቤዎ ውስጥ አላገኘሁም። ምንም አላለችም እንዴ?

ፍሬ


ቦንጋ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬ

ከትንሣኤው ብርሃን ድርሻሽን ያድልሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። የዘገየሁት ጅማ ደርሼ ስለመጣሁ፣ ከዚያም ፈተና ስለነበር ነው። ቆርቆሮው ተገዝቷል፤ የአናጢውን ነገር እያየሁ ነው።

ኮንፋይንመንትን መዝገበ ቃላት ላይ አየሁት። ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ተዘግቶ መቀመጥ፣ ከአንድ ስፍራ እንዳይወጡ መሆን ነው። ሁለተኛው የቆየ አነጋገር ሲሆን፣ ነፍሰ ጡር ሴት ለመውለድ ስትቃረብ አልጋ የምትይዝበት ጊዜ ማለት ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ከደንሁት።

ልጄ፣ የትኛው ነው? ሁለተኛው ቢሆንም አጎትሽ ነኝ። አልጥልሽም። ግን ንገሪኝ።

ሌላው ያልሽው፣ ከክፍል ክፍል መዞሩ፣ ሬስትለስነስ ይባላል። ዕረፍት ማጣት ነው። ስለ ቁልፉ ሳልነግራት፣ ልጅሽ አንድ ቦታ መርጋት አቃታት ብዬ ለእናትሽ ብነግራት፣ «ንግሥቷ የጠፋችባት ቀፎ እንዲህ ናት፤ ማር አትሠራ፣ አትወጣ፣ ዝም ብላ ትጮኻለች» አለችኝ። የእሷ ይሻላል።

እናትሽ ስቴብል ናት። አታስቢ።

ወልደ ጊዮርጊስ


ቤይሩት፣ ሰኔ 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ጋሼ

ጤና ይስጥልኝ። አንደኛው ነው። ሁለተኛው አይደለም፤ በእመቤታችን ስም አይጨነቁ።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ስቴብል የሚባለው ማን ነው? ሐኪሙ በየሳምንቱ ስለ ማዳም ለናቢል ሲነግረው እሰማለሁ። ስቴብል ናት፣ አልባሰባትም ይለዋል፤ ናቢልም እፎይ ይልና ይወጣል። እሷ ግን አትነሣም፣ ብቻዋን አትጎርስም። ደህና የሆነ ሰው ደህና ይባላል እንጂ ስቴብል አይባልም። ጅማ የሄዱትስ ለምን ነበር?

እናቴን ምን አገኛት? እኔ ያለሁበትን ሁሉ ነግሬዎታለሁ። እርስዎ ግን በአማርኛ ሊዋሹኝ ስላልቻሉ በእንግሊዝኛ ዋሹኝ። ነውር ከሆነ ይቅር ይበሉኝ።

ናቢልን አገሬ ልግባ ብዬ ለመንሁት። ውልሽ አላለቀም አለኝ። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ። ዘንቢሉን በየቀኑ አወርዳለሁ።

ፍሬ


ቦንጋ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

ልጄ ፍሬ

አሁን ባለሽበት ሁሉ የእግዚአብሔር ክንፍ ይጋርድሽ። ሌላ ሰላምታ አይመጣልኝም።

ቤይሩት በአውሮፕላን እየተደበደበች እንደሆነ በሬዲዮ ከሰማን ወዲህ ቤታችን ውስጥ የተቀመጠ ሰው የለም። የማዳምሽን ስልክ ከሜሪ ተቀብዬ ቴሌ ሄጃለሁ። አይጠራም። የላከሽ ደላላ ቢሮው ዝግ ነው። ዝናቡ አያባራም፤ መብራት ሲሄድ የሬዲዮውን ድንጋይ ለመግዛት ጭቃ ላይ እሮጣለሁ። እንደ አንቺ እኔም እዞራለሁ።

የጠየቅሽኝን እነሆ። እናትሽ ልቧ ደክሟል። የጀመራት አንቺ ከመሄድሽ በፊት ነው። ደብቃን ነበር። ሳትጠይቂኝ የእብጠትን ቃል የጻፍሁልሽ ማንኪራ እግሯ አብጦ ስላየሁ ነበር። ጅማ ወስጄ አስመረመርኋት። ሐኪሙ ክሮኒክ ነው አለ፤ አብሮ የሚኖር፣ የማይለቅ ማለት ነው። መድኃኒቱን እየወሰደች ካረፈች ዕድሜ አላት ብሎናል። ያን ጊዜ ስቴብል ያለው እሱ ነው። ቃሉን ከአፉ ወስጄ ለአንቺ ላክሁት፤ ምክንያቱም አስምላኝ ነበር። «ብትሰማ ሥራዋን ትታ ትመጣለች፤ ወይ መምጣት አቅቷት እዚያው ታብዳለች» ነው ያለችኝ። ከማንኪራ አምጥቻት አሁን እኛ ጋ ናት።

እሷ ስለ ራሷ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ማታ ማታ ሬዲዮው ሲከፈት የከተማሽን ስም ለይታ ታውቃለች። የቀረው ቋንቋ አይገባትም፤ ስሙ ሲጠራ ግን እጇን ታነሣና ዝም እንድንል ታደርጋለች።

ፖስታ ቤቱ ይህን ይቀበለኝ እንደሆነ ነገ አያለሁ። ባይቀበለኝም ጽፌዋለሁ።

አጎትሽ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ

ለፍልሰታዋ እመቤት ምስጋና ይግባት፣ በአገሬ ምድር ላይ ሆኜ እጽፍልዎታለሁ። ትናንት በስልክ ድምፅዎን ሰማሁ። እናቴስ ስልዎት «እኛ ጋ ናት» አሉኝ። ማንኪራን ትታ እናንተ ጋ ከሆነች ምን እንደሆነች ገባኝ። ሌላ ሳልጠይቅ መስመሩ ተቋረጠ። ሜሪ ቤት ነኝ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ ሐኪሙ ለጊዜው ጉዞ ከልክሎኛል። ይህንን የቦንጋ መስመር ሹፌሩ ማሙሽ ያደርስልዎታል። የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ለእናቴ የሚነበበውንና የማይነበበውን እርስዎ ያውቃሉ።

ድብደባው እንደ ጀመረ ናቢል ሚስቱንና ልጆቹን መኪና ላይ ጭኖ ወደ ተራራው ሄደ። እናቱ መቀመጥ ስለማትችል መኪናው አልበቃትም። በሁለት ቀን ተመልሼ አምቡላንስ አመጣለሁ አለን። እንደ ልማዱ ቆለፈና ወረደ። አልተመለሰም። መብራት ጠፋ፣ ውኃ ቆመ። የሚደበደበው ከእኛ ራቅ ያለው ሰፈር ቢሆንም መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ዘበኛው በዘንቢል ዳቦና ውኃ ይሰድልናል። የማዳም መድኃኒት ግን አለቀ። እኔ በሩ ሥር እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ እጀታውን እስባለሁ።

አንድ ቀን ጧት ፍንዳታው ቀረብ ብሎ ጣሪያው ላይ ያለው አቧራ ወረደብን። ማዳም ጠራችኝ።

«ትራሴን ቅደጂው» አለችኝ።

ቃዠች ብዬ አቧራውን ከፊቷ ጠረግሁላት። በደህናው እጇ ራሷ መጎተት ጀመረች። ስፌቱን በቢላ ብተረትረው ከጥጡ መሐል ቁልፍ ወጣ። የበሩ ቁልፍ ነው።

«ናቢል ለክፉ ቀን ብሎ የሰጠኝ ነው» አለች።

«መቼ?»

«አንቺ ከመምጣትሽ በፊት።»

ጋሼ፣ እኔ በር ሥር ተደፍቼ ሳለቅስ ቁልፉ ከራሷ ሥር ነበር። በየጧቱ ትራሱን አራግፌ የማነጥፍላት እኔ ነኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «ከሰጠሁሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ። «ብቻዬን መሆንን ከሞት ይልቅ እፈራለሁ። አሁን ግን ሁለታችንም እዚህ ከምንቀር አንቺ ውጪ።»

ከፍቼ ወጣሁ። ደረጃውን በሩጫ ወረድሁ። ፀሐዩ ላይ ስቆም ዓይኔን አሳመመኝ። ዘበኛው የጠቆመኝ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ግቢው በአገራችን ልጆች ተሞልቷል። ወደ ደማስቆ የሚወስድ አውቶቡስ ማታውን ይነሣል ተባለ። አንዲት ነጭ ሴት ስም ትመዘግባለች። ተራዬ ደረሰ። ስሜን ነገርኋት። «አብሮሽ ያለ ሰው አለ?» አለችኝ። የለም ልል አፌን ከፈትሁ። የለም ማለት ቀላል ነበር። ማዳምን ዳግም ባላያት ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ያቺ ሴትዮ ከንፈሯ ደርቆ፣ ውኃ የሚያቀብላት አጥታ፣ በሩ ተከፍቶ እንደተኛች ታየኝ። አንዲት አሮጊት አለች አልኋት። ስሜ ለማግስቱ ተዛወረ።

ተመለስሁ። ማዳም ስታየኝ አላመነችም። ከዘበኛው ጋር ወንበር ላይ አስረን አወረድናት። ደረጃው ጨለማ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እግሬ ተጠመዘዘ፤ ሲሰበር ሰማሁት። ወንበሩን ግን አልለቀቅሁም። አንድ ጎረቤት አሮጊቶችን የሚያስጠጉ መነኮሳት ጋ በጭነት መኪናው አደረሰን። አልጋ ሰጧት፣ መድኃኒትም አገኙላት።

ያደርሁት አጠገቧ ነው። ጧት ልሄድ ስነሣ ቀሚሴን ያዘች። አንዲት መነኩሴ አጠገባችን ቆማ ታያለች። ማዳም በእንግሊዝኛ፣ «ይሄ ሄልፕለስነስ ነው፤ ስሙን ስለማታውቂው ልንገርሽ» አለችኝ። ምንም ማድረግ አለመቻል ማለት ነው። እኔ ግን ማድረግ እችል ነበር። እናቴ ታማለች አልኋት። ከዚያ ጣቶቿን ከቀሚሴ ላይ አንድ በአንድ አላቀቅሁ። አንዱን ሳላቅቅ ሌላው መልሶ ይይዛል። ከወጣሁ በኋላ ስትጣራ ሰማሁ፤ አልዞርሁም።

ደማስቆ ላይ የመግቢያ ወረቀት ሰጥተውን በአውሮፕላን መጣን። ልብስም፣ ደመወዝም አልያዝሁም። ይኸው ነው።

ፍሬ


ቦንጋ፣ ነሐሴ 27 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬ

የተሰበረውን የሚጠግን፣ የራቀውን የሚያቀርብ አምላክ ጨርሶ ይማርሽ።

ማሙሽ ደብዳቤሽን በእጄ ሲሰጠኝ የቆምሁት ጓሮ ዝናብ ላይ ነበር። እዚያው አነበብሁት። የሐምሌው ደብዳቤዬ ፖስታ ቤቱ አልቀበል ብሎኝ እጄ ላይ ቀርቶ ነበርና አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ስለ እናትሽ ያልነገርሁሽ ሁሉ እሱ ላይ አለ።

ለእናትሽ ምን እንደማነብ ብዙ አሰብሁ። ገብቼ ሳያት፣ ጋቢዋን ለብሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። «ዛሬ እንደተጻፈው አንብብ» አለችኝ። እንደተጻፈው አነበብሁ። ቁልፉ ጋ ስደርስ እትዬ ዙፋን አሮጊቷን ረገመቻት። እናትሽ ግን፣ ተይ፣ አሟት ነው አለቻት። እግርሽ ጋ ስደርስ የራሷን እግር በእጇ ያዘች።

ስጨርስ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። እንዲህ ነው ያለችኝ፦

«ታዲያ አሁን ማን ያገላብጣታል?»

መነኮሳቱ አሉ አልኋት። መነኮሳት ብዙ በሽተኛ አለባቸው አለች። ልጇ ይመለሳል አልሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች፤ አንዴ ምሳ ላይ፣ አንዴ መድኃኒቷን ስሰጣት። አንቺን መውቀሷ አይደለም። ልጄ ደግ አደረገች ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። ግን ትጠይቃለች፤ እኔ ደግሞ መልስ የለኝም።

እስካሁን ትበላለች፣ ትተኛለችም። ትንፋሿ ያጥራል። ሐኪምሽ እንደፈቀደልሽ ነይ። ከዚያ በፊት አትነሺ፤ ከፈቀደልሽ በኋላ ግን አትቆዪ።

አጎትሽ ወልደ ጊዮርጊስ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ

አዲሱ ዓመት ከእነ አደዩ ለቤታችሁ የደስታ ይሁን። ጀሶው ትናንት ወልቋል። ነገ ጧት በጅማ መኪና እሳፈራለሁ፤ አንድ ቀን ጅማ አድሬ እመጣለሁ። ማሙሽ ከእኔ ቀድሞ ስለሚደርስ ይህን ሰጥቼዋለሁ።

የእናቴን ጥያቄ ካነበብሁ በኋላ እዚህ ቤት መቀመጥ አልቻልሁም። ሜሪ የመነኮሳቱን ስልክ በአንድ ዘመዷ በኩል አፈላልጋ አገኘችልኝ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ያቺው መነኩሴ አነሣች። አወቀችኝ። ጦርነቱ ቆሟል፣ ናቢል ግን አልመጣም አለች። ማዳም ከሰው እጅ አትበላም፤ በሯ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች አለችኝ። ከዚያ ሳልጠይቃት ስልኩን ወስዳ ማዳም ጆሮ ላይ አደረገችው።

ፍሬ ነኝ አልኋት። አገሬ ገብቻለሁ፣ እናቴን ልጠይቃት ልሄድ ነው አልኋት። ዝም። ትንፋሿን ግን አወቅሁት። ስትተኛ የሚለውን፣ ስትናደድ የሚለውን ለይቼ አውቃለሁ። ይሄ የማዳመጥ ነበር። ብዪ፣ መነኮሳቱ ሲያጎርሱሽ ጉረሺ አልኋት። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ያንኑ ደጋገምሁ።

ጉረሺ ያልኋትን ሰምታ እንደሆነ አላወቅሁም። ለእናቴ የምይዘው መልስ ይህ ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ከጠየቀችኝ እኔም እንደ እርስዎ ነኝ።

ሻንጣ የለኝም። መናኸሪያ አይምጡ፤ ከእሷ አይለዩ። መንገዱን አውቀዋለሁ።

ፍሬ